ቴትሪስ በ200 ኤልኢዲ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ፎቶውን ያያችሁት እኔ የሠራሁት የግድግዳ ቴትሪስ (ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የምንደረድርበት ጨዋታ) 10 በ20 ነው፤ በጠቅላላው 200 ኤልኢዲ፣ ማለትም ትናንሽ መብራቶች። ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለምን ቴትሪስ? ፓክማን አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ፓክማን በ200 ነጥብ አይታወቅም፣ ክብ ነገር ይበዛዋል። ቴትሪስ ከጅምሩ ካሬ ብቻ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው፣ ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒውተሩ ግራፊክስ አልነበረውም። ካሬዎቹን በቅንፍ ነበር የሚስላቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ተማሪዎች የአንድ ረጅም ሕንፃ 153 መስኮቶች ላይ ተጫውተውታል።

ጥያቄ፦ አርዱዊኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ይችለዋል?

መልስ፦ በደንብ። ለቀለሞቹ 600 ባይት ይበቃል፣ ሜሞሪው ቢያንስ 2 ኪሎባይት ነው።

ጥያቄ፦ በስልክ ቻርጀር ይሠራል?

መልስ፦ እንዳታስበው! አንድ ደብልዩኤስ 2812ቢ (የተጠቀምኩት የኤልኢዲ ዓይነት) ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፒር ይስባል። በ200 ስታባዛው 12 አምፒር ነው። ጨዋታው ያን ያህል አያበራም፤ እኔም ብርሃኑን በኮድ ወደ ሩብ አውርጄዋለሁ፣ ማታ እሱም ይበዛል። ቢሆንም ባለ 5 ቮልት ደህና ፓወር ሰፕላይ ግዛ። ሰው ሁሉ ኮዱን ይፈራል፤ ፈተናው ግን ኤሌክትሪኩ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ኤልኢዲዎች መጨረሻው ላይ ነጩ ቀለም ወደ ቀይ ይለወጣል። ተቃጥሎ ነው?

መልስ፦ አይ፣ ቮልቱ መንገድ ላይ እየወረደ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው ከቀዩ የበለጠ ቮልት ስለሚፈልጉ ቀድመው ይደክማሉ። ፕላስና ማይነሱን በሌላኛው ጫፍም አስገባ። የአርዱዊኖው ግራውንድ (ማይነሱ) ከፓወር ሰፕላዩ ግራውንድ ጋር መገናኘቱንም እይ።

ጥያቄ፦ አንዱ ረድፍ ልክ ነው፣ ቀጣዩ ግራና ቀኙ ይገለበጣል።

መልስ፦ ኤልኢዲዎቹ የተደረደሩበትን ስትሪፕ እንደ እባብ አጣጥፈኸዋላ! ጥሩ ነው፣ ሽቦ ይቆጥባል። ኮዱ ግን ይህን አያውቅም። ሁሉንም ከ0 ቁጠር። ረድፉ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ፦ ረድፍ × 10 + ዓምድ። ካልሆነ፦ ረድፍ × 10 + 9 − ዓምድ። ረድፍ 3፣ ዓምድ 2 ላይ የሚበራው ቁጥር 37 ይሆናል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ካሬ ሳይሆን ነጠብጣብ ነው የሚታየኝ።

መልስ፦ በኤልኢዲዎቹ መካከል የካርቶን ፍርግርግ፣ ከላይ ነጭ አክሪሊክ (ፕላስቲክ)። አክሪሊኩን ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አርቀው። ነጭ ወረቀትም ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ብቻዋን ብትሠራው አደጋ አለው?

መልስ፦ የ5 ቮልቱ ወገን አይነዝራትም፤ ብየዳው ላይ ግን አጠገቧ ይሁኑ። የፓወር ሰፕላዩን 220 ቮልት መግቢያ ሥራውን የሚያውቅ አዋቂ ሰው አስሮ ይክደንላት።