ዲቴክተር ስለተቀየረ እኔ ቱሉ ዲምቱ ያለሁት ምን አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ባዮኬሚስትሪ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ስለ ፕሮቲን ክሪስታል ሳነብ ሁሌ አዲስ ዲቴክተር ገባ፣ ሮቦት ተገጠመ፣ ቢምላይኑ (ጨረሩ ወደ ክሪስታሉ የሚመጣበት መስመር) ለእድሳት ተዘጋ ይላሉ። ያው ኤክስሬይ አይደል እንዴ? ደሞ አፍሪካ ውስጥ አንድም ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ትልቅ የቀለበት ማሽን) የለም፣ ለኛ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ ወንድሜ ኤክስሬዩማ ያው ነው፣ የሚለየው ዙሪያው ያለው እቃ ነው። ጨረሩ ክሪስታሉን ሲመታ ይበተናል፣ የተበተነውን ፎቶ የሚያነሳው ዲቴክተሩ ነው፣ ከዛ ነው የፕሮቲኑ ቅርጽ የሚሰላው። ድሮ በሲሲዲ ዲቴክተር ሲሰራ እያንዳንዱ ፎቶ እስኪነበብ ሰከንዶች ስለሚፈጅ ሹተሩ (የጨረሩ መዝጊያ) ይዘጋል፣ ክሪስታሉ ይቆማል፣ እንደገና ይከፈታል፣ እንዲህ እያለ ነው አንዱ ዳታ የሚያልቀው። ፒላተስ የሚባለው ዲቴክተር ሲመጣ ፎቶኖቹን (የጨረሩን ቅንጣቶች) አንድ በአንድ እየቆጠረ በጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚያነብ ሹተሩ ተከፍቶ ክሪስታሉ ሳያቋርጥ ይዞራል፣ ከሱ በኋላ የመጣው አይገር 16ኤም ደሞ በሰከንድ 133 ፎቶ ያነሳል።

ግን አንዱን ስትቀይር ሌላው ጣጣ ይወጣል። ዳታው በደቂቃ ካለቀ ሰው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ክሪስታል እስኪቀይር፣ በሩን እስኪቆልፍ የሚጠፋው ጊዜ ከስራው ይበልጣል፣ ስለዚህ ከፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እያነሳ የሚሰቅል ሮቦት ግድ ሆነ። ጨረሩ ወደ 10 ማይክሮን ሲጠብ ደሞ ክሪስታሉን የሚያዞረው ጎንዮሜትር ትንሽ ከተወላገደ ክሪስታሉ ከጨረሩ ይወጣል፣ እሱም ይቀየራል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ክፍል ነው፣ ብዙ ሰው ዲቴክተሩን ብቻ ያያል እንጂ ጎንዮሜትሩ ካልተስተካከለ ያ ሁሉ ፍጥነት ከንቱ ነው። ፈረንሳይ ግሬኖብል ያለው ኢኤስአርኤፍ የሚባለው ሲንክሮትሮንማ 844 ሜትር ዙሪያ ያለውን ቀለበቱን ራሱን ሊቀይር 2018 መጨረሻ ላይ ዘግቶ ለተመራማሪዎች የከፈተው ነሐሴ 2020 ነው (በፈረንጅ)።

አንተ ምን ታገኛለህ ላልከው፣ ሮቦቱ ስላለ ሰው እዛ መገኘት የለበትም። የቀዘቀዘ ክሪስታል በናይትሮጅን እቃ ተጭኖ ይሄዳል፣ አንተ ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብለህ በላፕቶፕህ ታዘዋለህ፣ ሌላ አገር ያሉ ተማሪዎች ዛሬ እንዲህ ነው የሚሰሩት። መብራት ቢጠፋም ያነሳኸው ዳታ እዛው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እጅህን አሁኑኑ አለማምድ፦ ከእንቁላል ነጭ የሚወጣውን ላይሶዛይም በጨው አሳድግ፣ ክሪስታሉን በትንሿ የክር ቀለበት ማጥመድና በረዶ ሳይሰራ ማቀዝቀዝ ተማር። ክሪስታሉ በረዶ ከያዘ የትኛውም ዲቴክተር አያድነውም። ለዳታ ትንተና ኤክስዲኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ለትምህርት ስራ በነፃ ይሰጣል፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ በተለቀቀ የሌሎች ጥሬ ዳታ ተለማመድበት።