ከሁለቱ አጥቂዎች ማን ይጀምር?

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ቡድን ሁለት አጥቂዎች አሉት። አንዱ ፈጣን ነው፤ ሌላው ጠንካራ ሆኖ ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ ይይዛል። ደጋፊው ለሁለት ተከፍሏል። ማን ይጀምር? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ያገቡትን ጎል ከመቁጠራችሁ በፊት የተጋጣሚን የኋላ መስመር እዩ። ተከላካዮቹ እስከ መሀል ሜዳ ገፍተው የሚቆሙ ከሆነ ከኋላቸው ሰፊ ክፍት ቦታ ይተዋሉ፤ ፈጣኑ ይጀምር። በግባቸው ፊት ባለው የቅጣት ሳጥን ውስጥ ከተሰበሰቡ ግን መሮጫ አያገኝም።

የድሬ የከሰዓት ሙቀት ሲጨመርበት እኛ ጠንካራውን እናስቀድማለን። እሱ እየታገለ ያድክማቸው፤ ፈጣኑ 60ኛው ደቂቃ ላይ ይግባ። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ተቀያሪው ከወንበር ተነስቶ በቀጥታ ይገባና በመጀመሪያው ሩጫ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ይጎዳል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ያሟሙቅ፤ መጨረሻ ላይ 20 ሜትር አራት ጊዜ፣ ፍጥነቱን እየጨመረ ይሩጥ።

ሌላው ስህተት አጥቂው ተቀይሮ ኳሱ አለመቀየሩ ነው። ለጠንካራው ይጣል የነበረው የአየር ኳስ ለፈጣኑ አይሆንም፤ በተጋጣሚ የመሀል ተከላካይና የመስመር ተከላካይ መካከል በመሬት ይሰጠው። አማካዮቹ ይህን በዕረፍት ሰዓት ይወቁት፤ ደጋፊው ሲጮህ ከሜዳ ዳር የሚነገር አይሰማም።