በማያያዣ ቃላት ለምትሰናከሉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ደሴ ውስጥ ለ33 ዓመታት እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም፣ የማመልከቻ ደብዳቤና የመመረቂያ ጽሑፍ ይዛችሁ «እስቲ ይዩልኝ» እያላችሁ ቤቴ መምጣታችሁን አላቋረጣችሁም። አንዳንዶቻችሁ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢ፣ ሌሎቻችሁም የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ ትመጣላችሁ። በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ሰምቻቸው እንኳ የማላውቅ ቃላትን ትጠቀማላችሁ። ቀዩ እስክሪብቶዬ የሚያርፈው ግን በትንንሾቹ ላይ ነው፤ መስተጻምር ወይም ማያያዣ በምንላቸው ቃላት ላይ።

በእነዚህ ላይ ለምን እንደምጨቀጭቅ በራሴ ስሕተት ላስረዳችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ የጥንቃቄ ማስታወቂያዎቹን ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስለት ጠይቆኝ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «ማሽኑ ካልቆመ ክዳኑን አትክፈቱ» ይላል። እኔም ብዙም ሳላስብ «ዱ ኖት ኦፕን ዘ ከቨር አንለስ ዘ ማሽን ሃዝ ኖት ስቶፕድ» ብዬ ጻፍኩ። ከውጭ አገር የመጣው ቴክኒሻን አንብቦ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ፊቱን ቋጠረና በዚህ ጽሑፍ መሠረት ክዳኑ የሚከፈተው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እውነቱን ነበር። «ካልቆመ» በሚለው ቃል ውስጥ «ከ» ሁኔታውን፣ «አል» ደግሞ አሉታውን ይዘዋል። «አንለስ» ግን አሉታውን በሆዱ የያዘ ቃል ስለሆነ፣ ሌላ «ኖት» ሲደረብበት ትርጉሙ ይገለበጣል። ስለዚህ «ካልቆመ» ማለት የፈለገ ሰው ወይ «ኢፍ»ን ከ«ኖት» ጋር ይጽፋል፣ ወይ «አንለስ»ን ብቻውን ያስቀምጣል።

የዚህ ስሕተት ታናሽ ወንድም «ቢፎር» ላይ ይገኛል። እናቶቻችን «ሳይመሽ ግቡ» ይሉናል፤ በአማርኛው አሉታ አለ፣ የእንግሊዝኛው «ቢፎር» ግን አሉታ አይሻም። «ቢፎር ኢት ዳዝ ኖት ጌት ዳርክ» ተብሎ የተጻፈ ስንት ደብተር እንዳረምኩ ቁጥሩን አላስታውስም። ትክክለኛው «ቢፎር ኢት ጌትስ ዳርክ» ነው።

አማርኛችሁ ሁልጊዜ ያሳስታችኋል ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲያውም መንገድ የሚመራበት ቦታ አለ። «ነገ ይመጣል» እንላለን፣ «ነገ ሲመጣል» ግን ማንም አይልም፤ ግሡ ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ሲገባ መጨረሻው ላይ ያለውን «አል» ይጥላል። እንግሊዝኛም የወደፊት ጊዜን በሚናገርበት ጊዜ ከ«ዌን»፣ ከ«አንቲል»ና ከሁኔታ አመልካቹ «ኢፍ» ቀጥሎ «ዊል»ን ይጥላል፤ «አይ ዊል ዌት አንቲል ሂ ከምስ» ይባላል። ይህን ተመሳሳይነት ያስተዋልኩት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው። ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ስንቱን ተማሪ ከሽምደዳ ባዳንኩት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልለፍ። አማርኛ ማያያዣዎቹን ማጣመር ይወዳል። «ምንም እንኳ ጦሳ በጭጋግ ቢሸፈንም፣ አውቶቡሱ ግን በሰዓቱ ደረሰ» ብንል ተቃርኖው «ምንም እንኳ» ላይ፣ «ቢሸፈንም» ላይ፣ እንደገናም «ግን» ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት ጊዜ ተነግሮም ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ ያምራል። ሰው ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲወስደው «ኦልዞ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «በት» ይጨምራል። «ኦልዞ» የሚያስገባው ሐረግ ጥገኛ ስለሆነ የሚደገፍበት ዋና ሐረግ ይፈልጋል፤ «በት» ደግሞ እኩያዎችን ነው የሚያያይዘው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ ጥገኛው ሐረግ የሚደገፍበትን ያጣል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ምረጡ። ጭጋጉን ወደ ኋላ ገፍታችሁ የአውቶቡሱን መድረስ ማጉላት ከፈለጋችሁ «ኦልዞ»ን ያዙ፤ ሁለቱንም እኩል ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ «በት»ን ያዙ። በድሮ መጻሕፍት ከ«ኦልዞ» በኋላ «ዬት» የሚለውን ቃል አይታችሁ «ይኸው ተፈቅዷል» የምትሉኝ አላችሁ፤ እዚያ ላይ «ዬት» ተውሳከ ግሥ ሆኖ ስለሚያገለግል ለ«በት» ምስክር አይሆናችሁም።

የ«ቢኮዝ» እና የ«ሶ» ጥምረትም ከዚሁ ነው የሚመጣ፤ «መንገዱ ስለተዘጋ፣ ስለዚህ ቀረሁ» ከሚለው አነጋገራችን። በ«ቢኮዝ» ላይ ግን ከዚህ የረቀቀ ወጥመድ አለ። «ለምን ቀረህ?» ሲባል «መንገዱ ስለተዘጋ ነው» እንላለን፤ «ነው» የምትባለው ቃል ጥገኛውን ሐረግ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አድርጋ ታቆመዋለች። እንግሊዝኛው ላይ «ነው»ን የሚተካ ነገር ሳታስገቡ «ቢኮዝ ዘ ሮድ ዋዝ ክሎዝድ» ብላችሁ ነጥብ ስታሳርፉ፣ በጨዋታ መሐል ያስኬዳል፣ በማመልከቻ ላይ ግን ጎዶሎ ሆኖ ይታያል። ወይ ከዋናው ሐረግ ጋር አገናኙት፣ ወይ «ዚስ ኢዝ ቢኮዝ» ብላችሁ ጀምሩ።

ከኮምቦልቻ የምትመጡት የምሕንድስና ተማሪዎች የሙከራ ሪፖርታችሁን ስታሳዩኝ የማየው ሌላ ነው። አማርኛ «ናሙናውን መዝኖ፣ አሙቆ፣ አቀዝቅዞ መዘገበ» እያለ ሥራዎቹን ያለ አንዳች ማያያዣ በግሡ ቅርጽ ብቻ ይሰፋቸዋል። እንግሊዝኛ ይህ ቅርጽ ስለሌለው ክፍተቱን በ«ኤንድ ዜን» እየሞላችሁ ግማሽ ገጽ የሚሄድ ዐረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ። እዚህ ላይ የምለምናችሁ ዋናው ድርጊት የቱ እንደሆነ እንድትወስኑ ነው። መመዝገቡ ዋና ከሆነ ማቀዝቀዙን በ«አፍተር» አስገቡት፤ መመዘኑንና ማሞቁን በአንድ «ኤንድ» አያይዛችሁ ለብቻቸው በነጥብ ዝጉ።

ስለ «ሃውኤቨር» አጭር ነገር ልበል። ትርጉሙ ከ«በት» ጋር ቢቀራረብም መስተጻምር አይደለም፤ ተውሳከ ግሥ ነው። ስለዚህ በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን አይሸከምም፤ ከፊቱ ነጥብ ወይም የእኛን ድርብ ሰረዝ ሥራ የሚሠራው የእንግሊዝኛው ምልክት ያስፈልገዋል። «ዲስፓይት» ደግሞ ትርጉሙ ከ«ኦልዞ» ጋር ቢቀራረብም መስተዋድድ በመሆኑ ከኋላው ስም እንጂ ሙሉ ሐረግ አይከተለውም፤ «ኦፍ»ም አይጨመርበትም።

የምክስላችሁ ነገርም አለኝ። ዐረፍተ ነገር በ«ኤንድ» ወይም በ«በት» አይጀመርም ብዬ ለብዙ ዓመታት ማርክ ቀንሻለሁ፤ እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚያው ነበር። እንዲህ ያለ የሰዋስው ሕግ የለም፤ ጥሩ ጸሐፊዎች ይጀምሩበታል፣ ባያበዙትም። 7ቱን አቻ አያያዦች (ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ ዬት፣ ሶ) «ፋንቦይስ» በሚል ምሕጻረ ቃል አስሸምድጃችሁ፣ አማርኛችን የሚያያይዝበትን መንገድ ሳላሳያችሁ ማለፌም ይቆጨኛል። ብትሳሳቱም አብሽሩ፤ ስሕተቱ የመጣው የራሱ ሥርዓት ካለው ቋንቋ ነው።

ወረቀታችሁን ወደ እኔ ከማምጣታችሁ በፊት ማያያዣዎቹን ሁሉ አስምሩባቸው፤ «አንለስ» ባለበት ቦታ «ኢፍ ኖት» ተክታችሁም ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ያን ማስታወቂያ እኔም እንዲሁ ሳነበው ሁለት «ኖት» ጎን ለጎን ሲቆሙ ታዩኝ። በመጨረሻ «አንለስ»ንም «ኖት»ንም አውጥቼ፣ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ማሽኑን አቁሙ በሚል መልክ በ«ቢፎር» ጻፍኩት፤ ቴክኒሻኑም አንዴ አነበበውና ምንም ሳይናገር ወስዶ ለጠፈው።