ቪው ለተምታታበት ወንድሜ፦ ከሁሉ በፊት ኮኗን ፈልጋት

«ከደንበኛ የመጣው የሶሊድወርክስ (የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም) ድሮዊንግ ላይ የቱ ቪው (ዕይታ) ከየት በኩል እንደታየ ጠፋኝ» ብለሃል። ፍሮንት ቪው ምንድን ነው እያልኩ አላደክምህም። አንተም እንደኔ ወርክሾፕ ያለህና ቀብድ የተቀበልክ ሰው ትመስለኛለህ።

1. መለኪያውን ተወውና ታይትል ብሎኩ (ወረቀቱ ጥግ ላይ ስምና ስኬል የሚጻፍበት ሳጥን) ውስጥ ያለችውን ጫፏ የተቆረጠ ኮን ፈልግ። አጠገቧ አንዱ በአንዱ ውስጥ ያሉ ሁለት ክቦች አሉ። ክቦቹ በኮኗ ቀጭን ጫፍ በኩል ከሆኑ ሰርድ አንግል የሚባለው የቪው አደራደር ነው፤ አሜሪካኖች የሚሠሩበት። በወፍራሙ በኩል ከሆኑ ፈርስት አንግል ነው፤ አውሮፓ የለመደው፣ እኔም የተማርኩት። በሰርድ አንግል ከፍሮንቱ በስተቀኝ የተቀመጠው ቪው ዕቃውን ከቀኝ በኩል ያየ ነው። በፈርስት አንግል እዚያው ቦታ የሚቀመጠው ከግራ የታየው ነው። ቶፕ ቪውም በሰርድ አንግል ከፍሮንቱ በላይ ነው፣ በፈርስት አንግል በታች።

እኔ ኮኗን ዞር ብዬም አላየኋት። ሥራው 24 ብራኬት ነበር፣ ከ6 ሚሊ ብረት ኤል ሆኖ የሚታጠፍ፣ አንዱ እግሩ ወደ ኋላ የሚወጣ ጆሮ ያለው። ሳይድ ቪውን በለመድኩት በፈርስት አንግል አነበብኩትና ጆሮው ወደ ፊት ወጣ። ወደ ፊት ቢሆን ኖሮ ፍሮንቱ ላይ መስመሩ ይታይ ነበር፤ መስመሩ አለመኖሩንም ልብ አላልኩም። ከኋላ የተደበቀውን የሚያሳዩትን የተቆራረጡ መስመሮች ደግሞ አጥፍተዋቸዋል። ብታገላብጠውም አይገጥምም፣ ግራና ቀኝ ጫማ ማለት ነው።

2. ሴክሽን (ዕቃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ቪው) ላይ ቀስቶቹን ተከተል፤ የምታይበት አቅጣጫ እነሱ የሚጠቁሙት ነው። ዲቴይል ቪው (አንድ ቦታ ብቻ ጎልቶ የተሳለበት) 2፡1 ተብሎ ቢያድግም የተጻፈው ቁጥር የዕቃው እውነተኛ መጠን ነው። ወረቀቱን በማስመሪያ ለክተህ እንዳትቆርጥ፣ የኤ3ው በኤ4 ታትሞ ይሆናል። ይሄን ይሄንማ ለወርክሾፑ ልጆች ሳስተምር የኖርኩት ነው፣ ለዚህም ነው የተዘናጋሁት።

ዕቃውን ይዤ ደንበኛው ቢሮ ስሄድ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ምልክቱ አለ እኮ፤ ማንበብ ካልቻልክ ለምን ፈረምክ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ፈርሜያለሁ። ግን እንደዚያ ይባላል? ጆሮውን ቆርጬ ልበይደው ብል እምቢ። አይሶሜትሪክ ቪው (ዕቃው ሦስት ገጹ ባንዴ እንዲታይ አግድም የተሳለበት) ብታስገቡበት ኖሮ እኮ ማንም አይሳሳትም ስለው «እሱ ለካታሎግ ነው» ብሎኝ እርፍ! ፋይሉ ውስጥ ነበር፣ ወረቀቱ እንዲያምር ብለው ነው ያወጡት።

3. ስለዚህ አይሶሜትሪክ ሳይልኩልህ ብረት አትቁረጥ። አንተ ራስህ ድሮዊንግ ስታወጣ ደግሞ ሶሊድወርክስ ላይ ሺቱን ራይት ክሊክ አድርገህ ፕሮፐርቲስ ግባ፣ ፈርስት ወይም ሰርድ የሚለው እዚያ አለ። ከዚያ እንደኔ አንድ ናሙና ብቻ ሠርተህ አስፈርም። እኔ አሁን ያለ ናሙና ሥራ አልጀምርም፣ ደንበኛው ቢቸኩልም ባይቸኩልም።

24ቱን በራሴ ብረት በሦስት ቀን ደግሜ ሠራኋቸው፤ አንዷም አልተመለሰችም። ያው ቢሮ ዛሬም ሥራ ይልክልኛል፣ ሰላምታ ባይኖረውም። የተበላሹትን ቁራሌው በኪሎ ወሰዳቸው። አንዷን አስቀርቼ በር ላይ ሰቅያታለሁ፣ ልጆቹ ቱታቸውን ያንጠለጥሉባታል።

ለማንኛውም ታይትል ብሎኩን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ። የደንበኛህን ስም ሸፍነው፣ ኮኗ ብቻ ትታየኝ።