ደም ማቅጠኛ እየወሰዳችሁ ሲቲ ስካን ለታዘዘላችሁ

ሜሪላንድ ውስጥ በፋርማሲስትነት ስሠራ ከአገሬ ሰው ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ሲቲ ስካን ታዞልኛል። ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር ኮንትራስት ይሰጥሃል ብለውኛል። እኔ ደግሞ ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ሁለቱ አይጋጩም? ኪኒኑን ላቁመው እንዴ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይጠይቅ የሚያቆመው ሰው ነው።

አንዲት እናት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ «ልጄ፣ ያ መርፌ ደሜን እንዳያፈሰው ብዬ ኪኒኑን ትቼዋለሁ» አሉኝ። «እማማ፣ ማን አቁሚ አለዎት?» ስላቸው፣ «ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ፤ እሷም እንዲሁ አድርጋ ነበር» አሉ። እዚያው ቆመው እያሉ ሐኪማቸው ጋ ደወልኩ። ሐኪሙ ዛሬውኑ ይቀጥሉ አለ። ጎረቤታቸው ያቆመችው ለካ ከጉበቷ ናሙና በመርፌ ሊወሰድላት ስለነበር ነው። የእሳቸው ምርመራ ግን ፎቶ ብቻ ነበር።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ለሲቲ ስካን በክንድ ደም ሥር ለሚሰጥ ኮንትራስት ሲባል ብቻ ደም ማቅጠኛ አይቆምም። ዋርፋሪንም ሆነ አዲሶቹ እነ ኤሊኩዊስና ዛሬልቶ ሥራቸው ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች መግታት ነው። ኮንትራስቱ ደግሞ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ በደም ሥር ይዞራል፣ ምስሉን ያጎላል፣ ኩላሊት ደህና ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ በሽንት ይወጣል። በላቦራቶሪ ሲታይ ኮንትራስትም ደም እንዳይረጋ በመጠኑ የማድረግ ባሕርይ አለው። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ ስለ ሁለቱ ማስጠንቀቂያ ብታዩ ከዚህ የተነሣ ነው። ለተራ ሲቲ ስካን ግን ኪኒን የሚያስቆም ነገር አይደለም።

ማቆሙ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ኤሊኩዊስ ኃይሉ በሁለት ቀን ገደማ ከሰውነት ይሟጠጣል። መድኃኒቱን ያለጊዜው ማቆም የደም መርጋትንና የስትሮክን አደጋ እንደሚጨምር አብሮት በሚመጣው ጽሑፍ ላይ በጥቁር ሳጥን ተከቦ ተጽፏል። በተለይ የልብ ቫልቫቸው የተቀየረላቸውን ወገኖቼን አስባለሁ። አገራችን በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭ የሚያበላሽባት አገር ናት። ስለዚህ የብረት ቫልቭ ይዞ ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው በመካከላችን አለ። ለእነዚህ ሰዎች የሚታዘዘው ዋርፋሪን ነው፤ አዲሶቹ አይተኩትም። ቫልቩ ላይ ደም ከረጋ ሕይወት ያጠፋል። እባካችሁ አንድም ኪኒን በራሳችሁ ፈቃድ አትዝለሉ።

የሚቆምበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ናሙና በመርፌ ሲወሰድ፣ መርፌ ወደ አከርካሪ ሲገባ፣ አንዳንዴም ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ወደ ልብ ሲላክ ሊቆም ይችላል። የሚወስኑት መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪምና ምርመራውን የሚሠራው ክፍል ተነጋግረው ነው። አቁሙ ከተባላችሁ ከየትኛው ቀን እንደምታቆሙ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ መቼ እንደምትጀምሩ በጽሑፍ ተቀበሉ። ብዙ ሰው ማቆሙን ይሰማና የሚጀምርበትን ቀን ሳይጠይቅ ይወጣል።

ሁለቱ መድኃኒቶች በእርግጥ የሚገናኙበት ቦታ ኩላሊት ነው። ኮንትራስቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ፕራዳክሳ የሚባለው ደም ማቅጠኛ ወደ 80 በመቶው የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኤሊኩዊስ ግን ሩብ ያህሉ ብቻ። ኩላሊቱ አስቀድሞ የደከመ ሰው ከኮንትራስት በኋላ ይበልጥ ቢዳከምበት ደም ማቅጠኛው በሰውነቱ ሊጠራቀምና ሊያደማው ይችላል። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። ሐኪሞች በብርቱ የሚጠነቀቁት የኩላሊት የማጣራት ቁጥሩ ከ30 በታች ለሆነ ሰው ነው። ከምርመራው በፊት ክሬያቲኒን የሚለካ፣ ማለትም ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ፣ የደም ምርመራ ሲያዝዙላችሁ «ደሜን ለምን ይቀዱኛል?» ብላችሁ አትዝለሉት።

ጾማችንም እዚህ ይገባል። በሁዳዴ 55 ቀን እስከ ቀትር፣ ከዚያም አልፎ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው አለ። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። ውኃ የጠማው ሰውነት ላይ ኮንትራስት ሲጨመር ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሸኻችሁን አማክሩና ያን ሰሞን ውኃ ጠጡ። ልብ ድካም ኖሯችሁ ፈሳሽ የተከለከላችሁ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ በጾም ሰሞን ጎመኑ ድንገት ሲበዛ የመድኃኒቱ ኃይል እንደሚቀንስ እወቁ። ጎመን አትብሉ አልልም፤ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ይሁን።

ከሁሉ የማዝነው በማስታገሻ ነው። ከምርመራ መልስ ወገቡን ያመመው ሰው አይቡፕሮፌን ይውጣል፤ ከአገር ቤት ያመጣውን ዲክሎፌናክ የሚውጥም አለ። እነዚህ ኩላሊትን ይጫናሉ፣ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ ደግሞ ጨጓራ ያደማሉ። በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል፣ አሜሪካ ታይሌኖል የሚሉት፣ ይሻላል።

ስኳር ያለባችሁ ሜትፎርሚን ትወስዱ ይሆናል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው በምርመራው ቀን እንዲቆምና ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊቱ ታይቶ እንዲቀጥል ይታዘዛል። አቁሙ የተባለው እሱ ብቻ ነው። «መድኃኒት አቁም ብለውኛል» ብሎ ሳጥኑን እንዳለ የሚዘጋ ሰው አጋጥሞኛል።

እንቅርት ያለባችሁ፣ ወይም ነበረብኝ የምትሉ፣ ይህን ተናገሩ። በደጋው አገር ያደገ ሰው እንቅርትን እንደ በሽታ ስለማይቆጥረው አያነሳውም። ሰውነታችን በቀን የሚፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። ለአንድ ሲቲ ስካን የሚሰጠው ኮንትራስት ግን ብዙ ጊዜ 30 ግራም ገደማ አዮዲን አለበት። አብዛኛው አዮዲን ከኮንትራስቱ ሳይላቀቅ በሽንት ይወጣል፤ የሚላቀቀው ጥቂት ግን እባጭ ያለበትን እንቅርት ከሳምንታት በኋላ ከልክ በላይ ሊያሠራው ይችላል። ያኔ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ የዋርፋሪንም ኃይል ይጨምራል። ዋርፋሪን የምትወስዱ እንቅርት ካለባችሁ ከምርመራው በኋላ ባሉት ሳምንታት የአይኤንአር ምርመራችሁን፣ ማለትም ዋርፋሪኑ ደማችሁን ምን ያህል እንዳቀጠነው የሚለካውን፣ ቶሎ ቶሎ አሠሩ።

ምርመራው ክፍል ስትገቡ የመድኃኒቶቻችሁን ዕቃ ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያል። ጀርመን ያላችሁ ማርኩማር የምትሉት የዋርፋሪን ዘመድ ነው፤ አሜሪካ ያለ ነርስ ግን ስሙን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ታዳጊ ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ልጁ «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን አያውቀው ይሆናል፤ አባቱ ስለ ሽንቱ ሲጠየቅም ያፍራል።

ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ አፍ የብረት ጣዕም ይኖረዋል፣ የሸናችሁ ያህልም ይሰማችኋል። ይህ ያልፋል። መርፌው የገባበት ክንድ ካበጠ ወይም ካቃጠለ ግን ወዲያው ተናገሩ፤ ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ ይሆናል። በደም ማቅጠኛው የተነሣ መርፌው ሲወጣ ቦታው ሊደማ ስለሚችል ለብዙ ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ቤት ከገባችሁ በኋላ ሽንት ከቀነሰ፣ ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሽንት ከቀላ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ደውሉ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ወገን ከዛለ አሜሪካ ያላችሁ 911 ደውሉ፤ ሌላ አገር ያላችሁም የአገሩን የአደጋ ጊዜ ቁጥር።