ጣናን በልኩ መዝግባችሁ ሂዱ፦ ወደ ውጭ ለምትወጡ ወጣት ሠዓሊዎች

ልጆቼ፣

የውጭ የትምህርት ዕድል ወይም የኤግዚቢሽን ግብዣ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምታስቡት እዚያ ሄዳችሁ ስለምትሥሉት ነው። ከዚያ የሚቀድም ሥራ አለ። ጉዞ ለሠዓሊ ከሁሉ በላይ የሚሰጠው ማነጻጸሪያ ነው፤ የቤቱን ብርሃን ሳይመዘግብ የሄደ ሰው ግን የሚያነጻጽርበት ስለሌለው የመምህሮቹን አሣሣል ተውሶ ይመለሳል።

የጣናን ብርሃን በሥዕል ለመመዝገብ አራት የውሃ ቀለም ይበቃችኋል፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና ካድሚየም ቀይ። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ጥላውን ከአልትራማሪንና ከበርንት ሲየና አደባልቃችሁ አውጡት። የደንገሉ አረንጓዴ በእነዚህ ቀለሞች ደብዘዝ ይላል፤ ይበል፣ ለጌጥ አይደለም የምትሠሩት። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም ይሁን፤ ቀጭኑ ውሃ ሲነካው ይጨማደድና ቀለሙ በየስርጉዱ ይተኛል።

ከዓባይ መውጫ አጠገብ አንድ ቦታ ያዙ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩልና ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዱን ከ20 ደቂቃ ሳታስበልጡ ሥሩ። በእኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ የማታው ብርሃን ቶሎ ያመልጣል፤ ካለፈ በኋላ በትዝታ የተጨመረ ቀለም መዝገቡን ያበላሸዋል። ከጀርባው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደመናውንና ነፋሱን ጻፉ። በነሐሴ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው ገብተው ውሃው ሲደፈርስ አንድ ጊዜ፣ በጥር ደግሞ ጠራ ሲል ሌላ ጊዜ ሥሩት።

ውጭ ስትደርሱ በዚያው የቀለም ሣጥን ቀጥሉ። የቀለሙ ስም አንድ ቢሆንም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ትርፍ ቱቦ ይዛችሁ ሂዱ። ልዩነቱ ያኔ የአገሩ ይሆናል፣ የሣጥኑ አይሆንም።

ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ በዓመቱ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ለንደን ላይ በዚያው ሰሞን 15 ዲግሪ ብቻ ናት። ስለዚህ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ እዚህ 70 ሳንቲ ሜትር፣ እዚያ ግን ወደ 3.7 ሜትር ይሆናል። ይህን ያልለካ ሠዓሊ ለንደን ውስጥ የባሕር ዳርን የቀትር ጥላ ይሥላል፣ ሰዎቹም ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። ሲመለስ ደግሞ የእኛን ቀትር በረጅም ሰማያዊ ጥላ ይሞላዋል። ሁለተኛው ስሕተት ይብሳል፤ የሚያርመው ሰው አያገኝምና።

የውጭ ነገር ለጣና ዳር ሥዕል እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መርቆሬዎስ የተባለው የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሊዮን እዚህ አገር መጥቶ ሠርቷል። በኋላም ከሮም የመጣው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በሠዓሊዎቻችን እጅ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። ገልባጮቹ የተሻገሩትን የእጆች አቀማመጥ ጠበቁ፣ ሚካኤልንና ገብርኤልን ግን ሰይፍ አስይዘው ከግራና ቀኝ አቆሙ። ምን እንደወሰዱና ምን እንደጨመሩ በእርሳስ ለይታችሁ ንደፉ። ከጣና ገዳማት ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች ስለማይፈቀድ፣ እናንት ሴቶች ልጆች ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና ናርጋ ሥላሴን ተመልከቱ። ፍላሽ አታብሩ፤ ከካህናቱ ጋር ሳትነጋገሩም ወረቀት አትዘርጉ።

አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር። ሥዕል ተምሮ አውሮፓን ሲዞር የመስታወት ሥዕል ሙያ ከመቅሰሙ በተጨማሪ በቫቲካንና በሌሎች ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት አጥንቷል። እናንተም በምትሄዱበት ከተማ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እንዳሉ ጠይቁ፤ የንባብ ክፍል ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ ከመነሳታችሁ በፊት ለቤተ መጻሕፍቱ ጻፉ።

ስለ ጓዝ ባጭሩ፦ የዘይት ቀለም ማቅጠኛው ተርፐንታይን በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ በአውሮፕላን አይሄድም፤ እዚያው ግዙ። የዘይት ቀለም ሥዕል ስትመልሱ በደንብ ሳይደርቅ አትጠቅልሉት። ሲጠቀለል ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ንብርብሩ ተጨምቆ ይላቀቃል፣ ወደ ውጭ ከሆነ ግን ቢሰነጠቅ እንኳ ሲዘረጋ ስንጥቁ መልሶ ይገጥማል። ሥዕሉ የሚጠቀለልበት ቱቦ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይጥበብ። ፊቱ ላይ ጋዜጣ አታድርጉ፣ ቀለሙ ይተላለፋል፤ ፕላስቲክም ይጣበቃል። በብራና ላይ የሠራችሁት የቆየ የሚመስል ሥዕል ካለ ደግሞ አዲስ ሥራ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ያዙ፤ ኤርፖርት ላይ ለማስረዳት ጊዜ አይኖራችሁም።