ቆረቆንዳ እንጨት ያጠነክራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ እንጨት ሥራ ነው። ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት በሚወጣ ሙጫ ተራ እንጨት እንደ ውድ እንጨት ይጠነክራል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ቆረቆንዳውን ፈጭቼ ከኮላ ጋር ቀላቅዬ ብቀባውስ?

መልስ፦ እውነት ነው። ኮላው ግን ይቅርብዎ። እሱ ላይ ላዩን ተለጥፎ ነው የሚቀረው። የዚህ ዘዴ ቁም ነገር ሙጫው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ እዚያው መድረቁ ነው።

ቆረቆንዳ፣ የአጃ ገለባ፣ ጭማቂው የወጣለት አገዳ፣ ሁሉም ፔንቶዛን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አላቸው። በአሲድና በትኩስ እንፋሎት ሲቀቀሉ ሰንሰለቱ ይበጣጠስና ፉርፉራል የሚባል ፈሳሽ ይወጣል። የትናንት ግኝት እንዳይመስልዎ፤ ኩዌከር ኦትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የአጃ ገለባ ተከምሮበት መላ ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ1922 በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀምሯል። ፉርፉራል ላይ ሃይድሮጅን ሲጨመር ፉርፉሪል አልኮል ይሆናል። ለእንጨቱ የሚፈለገው ይሄኛው ነው።

አሁን ወደሚገርመኝ ክፍል ልምጣ። እንጨቱ ትልቅ የብረት ታንከር ውስጥ ይገባና አየሩ በቫኪዩም ይመጠጣል፣ ከዚያ ፈሳሹ ተለቆ በግፊት እንዲሰርግ ይደረጋል። እንጨት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቀጫጭን ቱቦዎች እስር ነው። ፈሳሹ የቱቦውን ባዶ ቦታ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ዘልቆ ስለሚገባ ግድግዳው ያብጣል። እንጨቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ፈሳሹ ደረቅ ሙጫ ይሆናል፣ ግድግዳውም እንዳበጠ ይቀራል። ውሃ የሚገባበት ቦታ ቀድሞ ተይዟል ማለት ነው። ስለዚህ እንጨቱ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት እንደ በፊቱ አያብጥም፣ አይጣመምም፤ አበስባሽ ፈንገስም እርጥበት አጥቶ ይቸገራል። ቀለሙም ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል፣ በጣም ያምራል።

«ይጠነክራል» ሲባል ግን በደንብ እንግባባ። ጫና ሲያርፍበት አይሰረጉድም፣ በቀላሉ አይጫርም። ድንገተኛ ምት ላይ ግን ካልታከመው እንጨት ይልቅ ቶሎ ይሰበራል። ለበረንዳ ወለልና ለግድግዳ ልባስ ግሩም ነው፣ ለመዶሻ እጀታ አይሆንም። ሁሉም እንጨት ፈሳሹን አይጠጣም ደግሞ፤ ፓይንን ብንወስድ ነጣ ያለው የውጪው ክፍል ይጠጣል፣ መሃል ያለው ልቡ እምቢ ይላል።

ቤት ውስጥ ልሞክረው እንዳይሉ አደራ። የፉርፉሪል አልኮል ተን መርዛማ ነው፣ ከጠንካራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። የታከመውን ገዝተው ከሠሩበት የማይዝግ ብረት ብሎን ይጠቀሙ፤ እንጨቱ ትንሽ አሲድነት ስላለው ተራውን ብሎን ይበላዋል። ደጅ ከዋለ ደግሞ ቡናማው ቀለም በፀሐይ ወደ ግራጫ ስለሚሄድ ለደንበኛዎ ቀድመው ይንገሩት።